አማዞን ጫካ አምስት ቀን፦ ብራችሁ የሚገዛው ምኑን ነው?

ከአማዞን ተመለስኩ ስል ሰው ሁሉ መጀመሪያ ሚጠይቀኝ "ጃጓር አየህ?" ብሎ ነው። ነብር መሳዩን ትልቅ አውሬ ማለታቸው ነው። አላየሁም። ሁለት ጊዜ ሄጄ ሁለቴም አላየሁም። ዱካውን ግን ወንዝ ዳር አሸዋ ላይ አግኝቼ ቦቴን አጠገቡ አስቀምጬ ፎቶ አንስቻለሁ፣ ጋይዱ ጎንበስ ብሎ አየና "ዛሬ ሌሊት ያለፈ ነው" ሲል ዞር ዞር እያልኩ ጫካውን ያየሁት አስተያየት እስካሁን ያስቀኛል። ሁለተኛው ጥያቄ ሁሌም "ታዲያ ያን ሁሉ ዶላር ለምኑ ከፈልከው?" ነው። ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ምክንያቱም አማዞን ውስጥ ለቀናት ሚደረግ የእንስሳት ጉብኝት እንዴት እንደሚሰራ ሳይገባቸው ሄደው "ቅጠል ብቻ አይተን መጣን" ብለው ሚመለሱ ሰዎች ብዙ ናቸው፣ እኔም የመጀመሪያው ጊዜ ከነሱ አንዱ ነበርኩ።

ስህተቱ ሚጀምረው ከሳፋሪ ጋር በማምታታት ነው። ኬንያ ማሳይ ማራ ወይ ታንዛኒያ ሴሬንጌቲ ብትሄዱ ሜዳ ነው፣ ሳር ነው፣ ሳር በሊታው በሺ ሚቆጠር ነው፣ መኪና ውስጥ ቁጭ ብላችሁ ዓይናችሁ እስከቻለው ድረስ ታያላችሁ። አማዞን ተቃራኒው ነው። የእንስሳው ዓይነት መዓት ነው ግን ያንዳንዱ ዓይነት ቁጥር ትንሽ ነው፣ የተበታተነ ነው፣ ትልልቁ እንስሳ ጥቂት ነው፣ ከሁሉም በላይ ደሞ ኑሮው ፎቅ ላይ ነው። ፀሐይ ሚያገኘው የዛፉ አናት ስለሆነ ቅጠሉም አበባውም ፍሬውም ሚበዛው እዛ ላይ ነው፣ 30 ሜትር ምናምን ከፍታ ላይ፣ መሬት ሚደርሰው ብርሃን ከመቶ እጁ ጥቂቱ ነው። እናንተ እታች ጭቃ ላይ ቆማችሁ ፎቅ ላይ ሰርግ እንዳለ ድምፁን ትሰማላችሁ እንጂ አልተጠራችሁም።

ስለዚ አስጎብኚዎቹ ሚሰሩት ስራ ባጭሩ ይሄ ነው፦ ጫካው የተከፈተበት ቦታ ወይም እንስሳው ወዶም ሳይወድም ሚመጣበት ቦታ ይወስዷችኋል። ወንዝ ዳር፣ ሐይቅ፣ ፍሬው የበሰለ ዛፍ ስር፣ ከዛፎቹ በላይ ብቅ ያለ የብረት ማማ፣ እና አፈር ሚላስበት ገደል። ቦታውን እነሱ ያውቁታል፣ ቀኑን ግን ማንም አያውቀውም። ለዛ ነው ብሩ ሚገዛው ሌሊት ነው ምለው። ሁለት ሌሊት ሚባለውን ፓኬጅ ከገዛችሁ የመጀመሪያው ቀን በመንገድ ያልቃል፣ የመጨረሻው ቀን በመንገድ ያልቃል፣ ሚተርፋችሁ አንድ ሙሉ ቀን ነው፣ እሱ ቀን ዝናብ ከሆነ በቃ ሎጅ ውስጥ ካርታ ተጫውታችሁ ትመለሳላችሁ። አራት ሌሊት ከሆነ ግን ሶስት ሙሉ ቀን አላችሁ፣ ዋጋው እጥፍ ሳይሞላ ዕድላችሁ ሶስት እጥፍ ሆነ ማለት ነው። ይሄን ሂሳብ መጀመሪያ የነገረኝ ሰው ቢኖር የመጀመሪያውን ጉዞዬን ባላባከንኩት።

አሁን "አማዞን" ስንል የትኛው? ጫካው 5.5 ሚሊዮን ካሬ ኪሎሜትር አካባቢ ነው፣ ኢትዮጵያን አምስት ጊዜ ዘርግታችሁ አስቡት። 60 ከመቶው ብራዚል ነው፣ ቀሪው ፔሩ፣ ኮሎምቢያ፣ ቦሊቪያ፣ ኢኳዶር፣ ቬንዙዌላ፣ ጋያና፣ ሱሪናም እና የፈረንሳይ ጊያና ውስጥ ነው። "አማዞን ሄድኩ" ማለት "አፍሪካ ሄድኩ" እንደማለት ነው ማለቴ ነው፣ የቱ ጋ እንደገባችሁ ነው ምታዩትን ሚወስነው።

ብራዚል ማናውስ በምትባል ከተማ በኩል ከገባችሁ ዋናው ነገር ውሃ ነው። ጥቁሩ ሪዮ ኔግሮና ቡና በወተት ሚመስለው ሶሊሞይስ ሚባሉ ሁለት ወንዞች ተገናኝተው ለ6 ኪሎሜትር ያህል ሳይቀላቀሉ ጎን ለጎን ይሄዳሉ፣ ሙቀታቸውም ፍጥነታቸውም ክብደታቸውም ስለሚለያይ ነው፣ ጀልባ ላይ ሆናችሁ እጃችሁን አንዱ ውስጥ ከዛ ሌላኛው ውስጥ ብትነክሩ ልዩነቱ ይታወቃችኋል። ሮዝ ዶልፊን ምታዩት እዚህ ነው። የሪዮ ኔግሮ ውሃ አሲድነት ስላለው ትንኝ ብዙም አይራባበትም፣ ይሄ ለአንዳንድ ሰው ብቻውን በቂ ምክንያት ነው። ወንዙ በዓመት ውስጥ 10 ሜትር አካባቢ ከፍ ዝቅ ይላል፣ ሲሞላ በታንኳ በዛፎች ቅርንጫፍ መሀል ትቀዝፋላችሁ። ሲጎድል ግን ሌላ ታሪክ ነው፣ በኦክቶበር 2023 ማናውስ ላይ የወንዙ ልክ ከ1902 ጀምሮ ከተመዘገበው ሁሉ ዝቅ ብሎ ነበር፣ በ2024 ደሞ ከዛም ባሰ፣ ከማናውስ በላይ ያለው ቴፌ ሐይቅ ውሃው ከልክ በላይ ሞቆ ከ150 በላይ ዶልፊን የሞተው ያኔ በ2023 ነው። ስለዚ ማናውስን በሴፕቴምበርና በኦክቶበር ምታስቡ ሰዎች ጀልባው ሎጁ ድረስ ይደርሳል ወይ ብላችሁ ጠይቁ።

ፔሩ ውስጥ ኢኪቶስ ምትባል ከተማ አለች፣ ከተቀረው የፔሩ ክፍል ጋር ሚያገናኛት የመኪና መንገድ የላትም፣ በአውሮፕላን ወይ በጀልባ ብቻ ነው ሚገባው። ከዛ ወደ ፓካያ ሳሚሪያ ሚባለው ከ2 ሚሊዮን ሄክታር በላይ የሆነ ጥብቅ ስፍራ ኤሲ ባለው መርከብ ሚወስዱ አሉ፣ ምቾት ፈላጊ ከሆናችሁና ኪሳችሁ ከቻለ እሱ ነው። ኢኳዶር ደሞ ናፖ ወንዝ ላይ ያሱኒ አጠገብ ጥሩ ጥሩ ሎጆች አሏት፣ ያሱኒ በ2023 ህዝቡ ድምፅ ሰጥቶ የነዳጅ ቁፋሮ ይቁም ያለበት ፓርክ ነው።

እኔ የማውቀው ግን የፔሩ ደቡቡን ነው፣ ፖርቶ ማልዶናዶ ከምትባል ከተማ ሚጀመረውን ታምቦፓታ ሚባለውን ጫካ። ዶልፊን እዚህ የለም፣ አለ ሚላችሁ ደላላ ካለ ዋሌታችሁን ወደ ኪስ መልሱ። እዚህ ያለው በቀቀን ነው።

መንገዱ እንደዚ ነው። ተራራ ላይ ካለችው የፔሩ ከተማ ከኩስኮ አንድ ሰዓት በማይሞላ በረራ ከ3,400 ሜትር ወደ 200 ሜትር ምናምን ትወርዳላችሁ፣ የአውሮፕላኑ በር ሲከፈት ጋምቤላ ሲወርዱ ሚቀበለው ዓይነት ሙቀት ፊታችሁን ይመታችኋል። ቢሮ ወስደው ትልቁን ሻንጣ አስቀምጡ ይሏችኋል፣ ለጀልባው ትንሽ ቦርሳ ብቻ። ከዛ በመኪና ኢንፊዬርኖ ሚባል መንደር ወደብ፣ በስፓኒሽ "ሲኦል" ማለት ነው፣ ከዛ ረጅም ቀጭን ጣራ ያላት የእንጨት ጀልባ። ምሳ እዛው ጀልባ ላይ ነው፣ ሩዝ በቅጠል ተጠቅልሎ ይሰጣችኋል፣ ቅጠሉ ቁርጥ ኮባችንን ነው ሚመስለው፣ ሽታውም ድፎ ዳቦ ከምጣድ ሲወጣ ያለውን አስታወሰኝ። መሀል ላይ የጥበቃ ኬላ አለ፣ ወርዳችሁ በፓስፖርት ትመዘገባላችሁ፣ ከዛ በኋላ ያለው 274,690 ሄክታር በ2000 የተከለለው የታምቦፓታ ጥብቅ ስፍራ ነው።

ኬላው ጋ አንድ ነገር ልብ በሉ። ከኬላው ወዲህ ያሉ ሎጆች አሉ፣ ወዲያ ያሉ አሉ፣ በጣም ርቀው ወንዙን ለሰዓታት ሽቅብ ወጥተው ያሉ አሉ። ዋጋው በርቀቱ ይጨምራል፣ ጨምሮም ትክክል ነው። ምክንያቱ ጫካው ስለሚቀየር አደለም፣ ዛፉ ያው ዛፍ ነው፣ ሚቀየረው የአዳኝ ብዛት ነው። ከከተማው አጠገብ ላለፉት ስንት ዓመታት ጠመንጃ ሲጮህበት የኖረ ጦጣ የጀልባ ሞተር ሲሰማ ይጠፋል፣ ርቆ ያለው ግን ቆሞ ያያችኋል። እኔ የመጀመሪያው ጊዜ ኩስኮ መንገድ ላይ ካገኘሁት ቢሮ "ጥልቅ ጫካ" ብለው የሸጡልኝ ቦታ ማታ የከተማው ጭፈራ ቤት ሙዚቃ ይሰማ ነበር። ይሰማ ነበር ስል አላጋነንኩም፣ ዘፈኑን ለይቼ አውቄዋለሁ። ስለዚ ስትገዙ ካርታ ላይ አሳዩኝ በሉ፣ ከወደቡ በጀልባ ስንት ሰዓት ነው ብላችሁ ጠይቁ፣ "ጥልቅ" ሚለውን ቃል አትግዙ። እዛው ደቡብ ፔሩ ያለው ማኑ ፓርክም ላይ እንደዚሁ ነው፣ ማኑ በ1973 የተቋቋመ በ1987 ዩኔስኮ የመዘገበው ከአንዲስ ተራራ ከ4,000 ሜትር በላይ ተነስቶ እስከ ቆላው ጫካ ሚወርድ ድንቅ ቦታ ነው፣ ግን "የ4 ቀን ማኑ" ሚባለው ብዙውን ጊዜ ከዳር ነው ሚመለሰው፣ ውስጡን ሐይቆቹ ድረስ ለማየት ስድስትና ከዛ በላይ ቀን ይፈልጋል።

ሎጁ ጋ ስትደርሱ ክፍላችሁ ሶስት ግድግዳ ነው ያለው። አራተኛው ጫካው ነው። አልጋው ላይ አጎበር አለ፣ መብራት በቀን ለጥቂት ሰዓት ነው፣ ሰው ሁሉ በኛ አቆጣጠር ምሽት 2 ሰዓት ተኩል ላይ ይተኛል፣ ምክንያቱም ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ነው ሚቀሰቅሷችሁ። ቫኬሽን ነው ብለው የመጡ ሰዎች ፊት በዛ ሰዓት ማየት ነው።

ግን ያ ማለዳ ነው ሁሉም ነገር። በጨለማ ጀልባ ገብታችሁ ኮልፓ ሚባል የሸክላ አፈር ገደል ፊት ለፊት ወርዳችሁ ዝም ብላችሁ ትቀመጣላችሁ። መጀመሪያ ምንም የለም። ከዛ ትናንሾቹ አረንጓዴ በቀቀኖች እየተንጫጩ ዛፍ ላይ ይሰበሰባሉ፣ ከዛ ጥንድ ጥንድ እየሆኑ ማካዎቹ ይመጣሉ፣ ማካው ማለት ትልቁ የበቀቀን ዘር ነው፣ ከነጭራው አንድ ሜትር ሊጠጋ ሚችል፣ ቀይ፣ ሰማያዊና ቢጫ። አንድም ቶሎ አይወርድም። ይዞራሉ፣ ያያሉ፣ ይጨቃጨቃሉ፣ አንዱ ደፋር እስኪወርድ ይጠብቃሉ፣ ሲወርድ ግን ገደሉ በሙሉ ቀለም ይለብሳል፣ በመንቁራቸው አፈሩን እየፈረፈሩ ይበላሉ። ጭልፊት ካለፈ ወይ አንዱ ቱሪስት ተነስቶ ቀይ ጃኬቱን ካራገፈ በአንዴ ጮኸው ይበተናሉ፣ ከዛ በቃ፣ ለዛን ቀን አለቀ። ዝናብ ከሆነም ባብዛኛው አይመጡም። ለዛ ነው ቅድም የሌሊት ቁጥር ስል የነበረው።

ለምን አፈር ይበላሉ? ድሮ ሚባለው ካልበሰለ ፍሬ ሚያገኙትን መርዝ አፈሩ ስለሚይዝላቸው ነው የሚል ነበር። እዛው ታምቦፓታ ላይ ለብዙ ዓመታት ማካዎቹን ያጠናው ዶናልድ ብራይትስሚዝ ሚባል ተመራማሪና ባልደረቦቹ ያገኙት ግን ወፎቹ ሚመርጡት አፈር ከሌላው በላይ ሶዲየም ያለበት መሆኑን ነው፣ ባጭሩ ጨው ፍለጋ ነው። እንግዲህ አገር ቤት ከብት ሆራ ሲወርድ ያየ ሰው ይሄን ለማስረዳት ሰዓት አይፈጅበትም፣ ሆራ ነው በቃ፣ የበቀቀን ሆራ። ግን ለምን እዛ ጨው ጠፋ ሚለው ነው ሚገርመው። ጨው ወደ መሬት ሚመጣበት አንዱ መንገድ ከባህር በንፋስና በዝናብ ነው፣ ለአማዞን ዝናብ ሚመጣው ከምስራቅ ከአትላንቲክ ነው፣ ደመናው በሺ ሚቆጠር ኪሎሜትር ጫካውን እያቋረጠ እየዘነበ ሲመጣ ጨዉን መንገድ ላይ ጨርሶ ነው ፔሩ ሚደርሰው። ፓሲፊክ ቅርብ ነው እንዳትሉ መሀል ላይ አንዲስ ተራራ ቆሟል።

ይሄን አንዴ ከሰማችሁ በኋላ ጫካው በሙሉ ሌላ መልክ ይይዛል። ወንዝ ዳር ግንድ ላይ ፀሐይ ሚሞቁ ኤሊዎች አሉ፣ ዓይናቸው ላይ ቢራቢሮ ተሰብስቦ ታያላችሁ፣ እንባቸውን ነው ሚጠጣው፣ ጨው አለውና። ጦጣው፣ አፍንጫው ረዘም ያለው ታፒር ሚባለው ትልቅ እንስሳ፣ ከርከሮ መሳዩ ፔካሪ ሁሉም አፈር ሚልስበት ቦታ አለው። እናንተም ላብ ያለበት ሸሚዛችሁን ገመድ ላይ ብትሰቅሉት ንቦችና ቢራቢሮዎች ይወሩታል። ጋይዳችን "እዚህ ጫካ ውስጥ ውዱ ነገር እናንተ ናችሁ" ብሎ ሲስቅ ስለ ዶላሩ መስሎኝ ነበር።

ጋይዱ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ከሎጁ ሻወር ይልቅ እሱ ነው ጉዟችሁን ሚወስነው። ጎበዝ ጋይድ በጆሮው ነው ሚሄደው። ንፋስ ሳይኖር አንድ ቅርንጫፍ ብቻ ከተወዛወዘ ይቆማል። ጠዋት ባልና ሚስት ሆነው እየተቀባበሉ ሚዘምሩ ቲቲ ሚባሉ ትናንሽ ጦጣዎች አሉ፣ የት ጋ እንዳሉ በድምፃቸው ለይቶ ይወስዳችኋል። ሃውለር ሚባለው ጦጣ ሲጮህ መጀመሪያ የሰማ ሰው አውሎ ነፋስ መጣ ብሎ ነው ሚደነግጠው፣ ኪሎሜትሮች ይሰማል። ፔካሪ ከማየታችሁ በፊት ይሸታል፣ ጋይዱ አፍንጫውን ነፋ ነፋ አድርጎ "ተመለሱ፣ ቀስ በሉ" ካለ ጥያቄ አትጠይቁ። ቴሌስኮፕ ተሸክሞ ይሄዳል፣ እናንተ "ቅጠል ነው" ምትሉት ነገር በመስታወቱ ስታዩት ስሎዝ ነው፣ ዛፍ ላይ ሚኖር ቀርፋፋ እንስሳ፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ ስትመለሱም እዛው ነው። በነገራችን ላይ ከጋይዱም በላይ ሚያየው ጀልባ ነጂው ነው፣ ቲፕ ስትሰጡ እሱን አትርሱት፣ የኛው ነጂ ድሮ ወርቅ ቁፋሮ ላይ የሰራ ሰው ነበር፣ እሱን ወደታች እመጣበታለሁ።

እና ስትገዙ ጠይቁ፦ ለአንድ ጋይድ ስንት ሰው ነው? አራት አምስት ከሆነ ጥሩ ነው። አስራ ሁለት ሰው ተሰልፎ በቀጭን የጫካ መንገድ ሲሄድ ፊት ያለው እንስሳውን ያያል፣ መሀል ያለው ጭራውን ያያል፣ መጨረሻ ያለው የመሀለኛውን ቦርሳ ያያል።

ሐይቆቹ ደሞ ሌላ ናቸው። ወንዙ ቆላው ላይ እየተጠማዘዘ ነው ሚሄደው፣ ጥምዝምዙ ሲበዛ አንድ ቀን ጎርፍ መጥቶ አቋራጭ ይቆርጣል፣ የድሮው ጥምዝ ተነጥሎ ማጭድ ቅርፅ ያለው ሐይቅ ሆኖ ይቀራል፣ ኮቻ ይሉታል። ውሃው የረጋ፣ አሳ የሞላበት፣ ጫካው ደግሞ የተከፈተበት ነው። እዛ ላይ ግዙፉ ኦተር አለ። ኦተር ማለት ውሃ ውስጥ ሚኖር አሳ በሊታ ነው፣ ይሄኛው ከነጭራው 1.7 ሜትር ሊደርስ ይችላል፣ የሰው ቁመት ማለት ነው፣ በቤተሰብ ነው ሚያድነው፣ አሳውን በሁለት እጁ ይዞ እንደ በቆሎ ሲግጠው ድምፁ ይሰማል። ባለፈው ክፍለ ዘመን ለቆዳው ሲባል ሊያልቅ ምንም አልቀረውም ነበር። አንገታቸው ስር ያለው ነጣ ያለ ምልክት ለያንዳንዱ የተለያየ ስለሆነ ተመራማሪዎች እንደ ጣት አሻራ ነው ሚያውቋቸው። ጥሩ ጋይድ በጣም አይጠጋም፣ "ጠጋ በል" እያላችሁ አትጨቅጭቁት፣ ግልገል ያላት እናት ከተረበሸች ወተቷ ሊቋረጥ ይችላል።

እዛው ሐይቅ ዳር ሆአትዚን ሚባል ወፍ አለ፣ ከማካው ይልቅ እኔ የወደድኩት እሱን ነው። ዶሮ ያክላል፣ ፀጉሩ የቆመ ነው፣ መብረር አይችልበትም፣ ሚበላው ቅጠል ነው። ቅጠሉን ጉሮሮው ስር ያለው ትልቅ ከረጢት ውስጥ በባክቴሪያ ያብላላዋል፣ ልክ እንደ ላም፣ ለዛም ነው ሽታው የላም በረት ሚሆነው። ጫጩቱ ክንፉ ላይ ጥፍር አለው፣ አውሬ ሲመጣበት ከጎጆው ውሃ ውስጥ ዘሎ ይገባና በኋላ በጥፍሩ ዛፉን ቧጦ ይወጣል።

ማታ ሚደረገውን ጉዞ ባጭሩ ልለፈው፦ በጀልባ ሆናችሁ ባትሪ ስታበሩ ዳር ዳሩ ላይ ቀይ ፍም ሚመስል ነገር ያበራል፣ የካይማን ዓይን ነው፣ የአዞ ዘመድ ነው። በእግር ደሞ እንቁራሪት፣ ታራንቱላ ሚባለው ትልቅ ሸረሪት፣ ቅጠል ሚመስሉ ነፍሳት። ቅጠል ተሸክመው ሚሰለፉትን ጉንዳኖች ቆማችሁ እዩ፣ ቅጠሉን አይበሉትም፣ መሬት ስር ወስደው ፈንገስ ያበቅሉበታል፣ ሚበሉት ፈንገሱን ነው፣ ገበሬ ናቸው ማለት ነው። እና እባካችሁ ሲያዳልጣችሁ ያገኛችሁትን ዛፍ እንዳትይዙ፣ ጥይት ጉንዳን ሚባል አለ፣ ስሙ ያለ ነገር አልወጣለትም።

ወደ ገንዘቡ ልመለስ። ዋጋው ከጥቂት መቶ ዶላር ተነስቶ መርከቡ ላይ ብዙ ሺ ይደርሳል፣ ግን ያ ብር የት ይሄዳል ሚለው ነው። ቅድም "ሲኦል" ያልኩት መንደር ውስጥ ኤሴ ኤሃ ሚባሉ የአካባቢው ተወላጆችና ሌሎች ሰፋሪዎች አብረው ይኖራሉ። በ1996 ከአንድ የፔሩ አስጎብኚ ድርጅት ጋር ሎጅ አብረው ለመስራት የ20 ዓመት ውል ተፈራረሙ፣ ትርፉ 60 ከመቶ ለመንደሩ 40 ከመቶ ለድርጅቱ፣ ሎጁ በ1998 ተከፈተ። በዛ ምክንያት የንስር ጎጆ ያለበትን ዛፍ ቆርጦ ከመሸጥ ይልቅ ማቆየት ገንዘብ ሆነ። ሁሉም ሎጅ እንደዚ ነው ማለት አደለም፣ ስለዚ መሬቱ የማን ነው፣ ጋይዶቹ የየት ልጆች ናቸው ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም።

ሌላኛው ምርጫ ምን እንደሆነ ከአውሮፕላኑ መስኮት ይታያል። ፖርቶ ማልዶናዶ ልታርፉ ስትሉ አረንጓዴው መሀል ቡናማ ኩሬ በኩሬ የሆነ ሰፊ ቁስል ታያላችሁ፣ ህገወጥ የወርቅ ቁፋሮ ነው። ወርቁን ከአሸዋው ለመለየት ሜርኩሪ ይጠቀማሉ፣ ሜርኩሪው ወንዝ ይገባል፣ አሳው ውስጥ ይገባል፣ ሰው ውስጥ ይገባል። በፌብሩዋሪ 2019 መንግስት ላ ፓምፓ ሚባለውን ዋናውን ሰፈር ከሺ በሚበልጥ ፖሊስና ወታደር አፅድቶት ነበር፣ ቁፋሮው ግን ወደ ሌላ ቦታ ተዛወረ እንጂ አልቆመም። ጀልባ ነጂያችንን ለምን ተውከው ስለው ወገቡን ይዞ "ቀኑን ሙሉ ውሃ ውስጥ ነው ምትቆመው" ነው ያለኝ፣ ሌላ ትንታኔ አልሰጠኝም።

አንድ ነገር ላይ ግን ቀልድ የለም። ማኑ አካባቢ ማሽኮ ፒሮ ሚባሉ ከውጭ ሰው ጋር መገናኘት ማይፈልጉ ህዝቦች አሉ። "ያልተነኩ ጎሳዎችን እናሳያችኋለን" ሚል ሰው ካጋጠማችሁ ሽሹ፣ በፔሩ ህግ የተከለከለ ነው፣ እነሱም ሚከላከሉት በቀስት ነው፣ ከሁሉ በላይ ደሞ እናንተ ተራ ጉንፋን ምትሉት ነገር እነሱን ሊጨርሳቸው ይችላል። ስሎዝ አሸክመው ፎቶ ሚያነሱትንም ዝለሉት፣ ኢኪቶስና ማናውስ አካባቢ በጣም የተለመደ ነው፣ ፈገግ ያለ ሚመስለው ፊቱ ተፈጥሮው ስለሆነ ነው እንጂ ደስ ብሎት አደለም፣ ከጫካ ተነጥቆ የመጣ ነው።

ጤናና ወረቀት ላይ፦ የቢጫ ወባ ክትባት ከመግባታችሁ ቢያንስ 10 ቀን ቀድማችሁ ተከተቡ፣ አንዴ ከተወሰደ ለዕድሜ ልክ ነው፣ ግን እርጉዝ የሆነች፣ ከ60 ዓመት በላይ የሆነ ወይ በሽታ የመከላከል አቅሙ የተዳከመ ሰው መጀመሪያ ሐኪም ማማከር አለበት። ከኢትዮጵያ ለምትነሱ ደሞ ቢጫ ካርዱ የግድ ያስፈልጋል ብላችሁ አስቡ፣ ምክንያቱም ኢትዮጵያ ራሷ ቢጫ ወባ ካለባቸው አገሮች ስለምትቆጠር ብዙ አገር ሲገባ ይጠየቃል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሳኦ ፓውሎ ድረስ ይበራል፣ ከዛ ማናውስ በአገር ውስጥ በረራ ነው። የአሜሪካ ፓስፖርት ያላችሁ ለፔሩ ቪዛ አያስፈልጋችሁም፣ ብራዚል ግን ከኤፕሪል 2025 ጀምሮ እንደገና ቪዛ መጠየቅ ጀምራለች። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዛችሁ ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ኤምባሲውን ጠይቁ። የወባ መድኃኒት እንደምትሄዱበት ቦታ ይለያያል፣ ሐኪም ይንገራችሁ። ኢንሹራንስ ስትገዙ ከጫካ አውጥቶ ሆስፒታል ማድረስን ሚሸፍን መሆኑን እዩ፣ ቅርቡ ሆስፒታል በጀልባ ሰዓታት ነው።

ልብስ ቀላል ነው፣ ረጅም እጅጌ፣ ሳሳ ያለ፣ ቀለሙ ያልደመቀ፣ የጎማ ቦት አብዛኛው ሎጅ ይሰጣል፣ እግራችሁ ትልቅ ከሆነ ቀድማችሁ ተናገሩ። ራስ ላይ ሚታሰር ባትሪና የራሳችሁ ባይኖኩላር የግድ ነው፣ አንድ ባይኖኩላር ለሁለት ሰው ማለት ትዳር መፈተን ነው።

ወቅቱ ደቡብ ፔሩ ላይ ከሜይ እስከ ኦክቶበር ደረቅ ሚባለው ነው፣ ደረቅ ስል አይዘንብም ማለቴ አደለም። የወንዙ ዳር አሸዋ ስለሚወጣ ጃጓር ሊታይ ሚችለውም ያኔ ነው፣ ለሌላ ሰው ማለቴ ነው። ግን ከጁን እስከ ኦገስት ባለው ጊዜ ፍሪያሄ ሚሉት ነገር አለ፣ ከደቡብ ከፓታጎኒያ በኩል ቅዝቃዜ ድንገት ይመጣና 30 ምናምን ዲግሪ የነበረው ቦታ በአንድ ሌሊት ወደ 10 ዲግሪ ይወርዳል፣ ለቀናት ሊቆይ ይችላል፣ እንስሳውም ይደበቃል። አስቡት፣ ክፍላችሁ ሶስት ግድግዳ ነው ያለው። የመጀመሪያው ጊዜ በቲሸርት ላይ ቲሸርት ደርቤ ነው የተኛሁት። ሁለተኛው ጊዜ እናቴ የሰጠችኝን ጋቢ ይዤ ሄድኩ፣ ሻንጣ ሲመዘን አሳቀቀኝ እንጂ ሶስተኛው ሌሊት ላይ ፍሪያሄው መጣ። በነጋታው ጠዋት ጀልባው ላይ ተከናንቤ ስወጣ ነጂው ሞተሩን ሳያስነሳ ዞር ብሎ አየኝ፣ ጫፉን በጣቶቹ ዳሰሰና ስንት ነው አለኝ። አይሸጥም አልኩት። እስከ ኮልፓው ድረስ ግማሹን ለሱ አለበስኩት።